ባለ መነጽሩ

የወንድሜ ልጅ ሰሚራ ከዱባይ ስትመለስ ከብርድ ልብሱና ከሽቶው ጋር ካሜራ ይዛ መጣች። እዚሁ መካነ ሰላም ላይ ፎቶ ቤት ልትከፍት ነው አሉ፤ ሠርግ ልታነሳ፣ ምርቃት ልታነሳ። ይሁን፣ አላህ ያሳካላት። ቤቴ መጥታ ዕቃዋን ሁሉ ፍራሹ ላይ ዘረገፈችውና ከመሃል አንዲት ክብ መስተዋትና አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ቆብ አንስታ፣ «አክስቴ፣ አንቺ የሙያው ሰው ነሽ። ይሄን መከላከያ መስተዋት ሌንሱ ላይ ልግጠመው ወይስ ልተወው? ቆቡንስ? አንዱ ያለሱ እንዳትወጪ ይላል፣ ሌላው ብርሽን አታባክኚ ይላል። ኢንተርኔት ላይ በዚህ ነገር ሰው ሊደባደብ ምንም አልቀረው» አለችኝ። መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት እሷ ለካ ቆቡን አዙራ ገጥማዋለች፤ ያንን ጥቁር ክብ አፍ ቀጥ አርጋ ወደኔ አዞረችው። «አዙሪልኝ! በነቢ ይዤሻለሁ፣ ወደዚያ አዙሪው!» ብዬ ስጮህ ጎረቤት ሰምቷል። ልጅቱ ሳቀች። «አክስቴ፣ ካሜራ እኮ ነው!» አለች። ካሜራ መሆኑንማ አጥቼው ነው? ዕድሜዬን የጨረስኩት በካሜራ ነው። የማያውቀው ጀርባዬ ነው። እንዲህ ያለ ረጅም ነገር በዞረብኝ ቁጥር ይሄ ጀርባዬ ዛሬም ያሳክከኛል፤ ምክንያቱን ለሰሚራ ነግሬያት አላውቅም።

ያኔ ወታደራዊው መንግሥት ወድቆ ለውጡ ከመጣ ጥቂት ዓመት ሁኖታል። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፣ እኔ ዘመን የምቆጥረው በጫማ ነው። ኮንጎ ጫማ ከእግር እየወጣ ሸራ የሚገባበት፣ ኮረዳ ሁሉ ባለ አበባ ሻሽ የምታስርበት ጊዜ ነው። ፎቶ ቤታችን ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ከካሴት ቤቱ አጠገብ ነበር። ካሴት ቤቱ ጠዋት መንዙማ ይከፍታል፣ ከሰዓት ዘፈን። ወላሂ የተነሺው ፊትም ከካሴቱ ጋር ይቀያየር ነበር፤ ጠዋት የተነሳው ሁሉ ሐጂ ይመስላል፣ ከሰዓት የተነሳው ሁሉ ሙሽራ። አራት ጉርድ ፎቶ በስምንት ብር ነው። የከለሩ ፊልም ደሴ ተልኮ ታጥቦ በአውቶቡስ ይመለሳል፤ ክረምት መንገዱ ሲበላሽ ሙሽሮቹ ወልደው ፎቷቸው ገና አልደረሰም። ግድግዳው ላይ ሐይቅ የተሳለበት መጋረጃ ነበረን፣ ሐይቁ ላይ ዳክዬ፣ ዳክዬዋ ከጀልባው ትበልጣለች። አንድ ኮትና አንድ ክራባትም ነበረን፤ የአገራችን የቦረና ወንድ ሁሉ መታወቂያው ላይ ያቺኑ ኮት ነው የለበሰው። ውስጥ የማነሳው እኔ ነኝ። ወደ ሳውዲ የሚሄዱት ልጆች ጆሯችሁ ይታይ ስለሚባሉ፣ በወንድ ፊት ሻሻቸውን ከሚያወልቁ እኔ ዘንድ መምጣት ይሻላቸዋል። የውጩን፣ ሠርጉንና ሰደቃውን፣ የሚያነሳው ባሌ ሁሴን ነበር። አላህ ይዘንለትና ሁሴን ረጅም፣ ቀጭን፣ ለዕቃ የሚሞት ሰው ነበር። ልጅ ተሰጥቶን ቢሆን ኖሮ የዚያን ሌንስ ያህል ይወደው እንደሁ እኔ እንጃ።

ያ ሌንስ ከጅዳ ነው የመጣ። ከኛ ዘንድ ፎቶ ተነስታ የሄደች ልጅ ናት፣ አሠሪዎቿ ቤት ተጥሎ አቧራ ሲበላ አይታ ለምና የላከችለት። ክንድ የሚያክል ነገር ነው፤ ማዶ ጋራ ላይ የምትግጥ ፍየል ጢሟን ያሳያል። ከሳጥኑ ሁለት ነገር አብሮ ወጣ፤ አንዲት ስስ ክብ መስተዋትና አንድ ጥቁር ቆብ። ዛሬ ልጆቹ ፊልተርና ሁድ ይሏቸዋል። ያኔ ስማቸውን የሚነግረን ስላልነበረ ስም ያወጣላቸው ሁሴን ራሱ ነው፤ መስተዋቷን «መነጽር» አላት፣ ጥቁሩን «ቆብ»። «ሰው ለዓይኑ መነጽር ያደርግ የለም ወይ? ሌንስም ዓይን ነው» ይላል። የአቅስታን መንገድ የሚያውቅ ሰው አቧራውን ያውቀዋል። ከደሴ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የተሳፈረ ሰው መካነ ሰላም ሲወርድ እናቱም አትለየው። መነጽሯ ከተገጠመች በኋላ አቧራው፣ የሠርግ ቤቱ ቅባት፣ የልጆች ጣት ሁሉ እሷ ላይ ይቀራል፤ ማታ በሸሚዙ ጫፍ ሲያሻት ያመሻል። «ብትሰበርም እሷ ትሰበር፣ ዋናው ይትረፍ» ይለኛል። እኔ ደግሞ አልዋጥልኝ ይላል። «በመስተዋት ላይ መስተዋት ደርበህ በየት በኩል ሊያይልህ ነው? ሁለት ጋቢ የደረበ ሰው ይሞቀዋል እንጂ አይሮጥም» እለዋለሁ።

ያልኩት አልቀረም። አንዲት ሙሽራ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንስቷት ፎቶው ከደሴ ታጥቦ ሲመጣ ደረቷ ላይ አረንጓዴ ክብ ብርሃን ተቀምጧል፣ ልክ የሎሚ ቁራጭ የሚያህል። ፀሐዩ መነጽሯና ሌንሱ መሃል ገብቶ ሲንገላታ የፈጠረው ነው። አማቲቱ ፎቶውን ይዘው መጥተው፣ «ይሄ ጅን ነው፣ ከልጄ ቤት ጅን አስገብታችሁብኛል!» ብለው ጉድ አፈሉ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ተደበቅሁ። ሁሴን ቆፍጠን ብሎ፣ «እማማ፣ ኑር ነው እንጂ! የሙሽራዋ ኑር፣ የፊቷ ብርሃን ነው የወጣው። እንዲህ ያለ ላንድ ሰው ነው የሚገጥመው» አላቸው። እልል ብለው በመስተዋት አስገብተው ሰቀሉት። ከዚያማ የቦረና ሙሽራ ሁሉ «እኔንም ኑሩ እንዲወጣልኝ» እያለ መጣ። ሁሴን ሙሽራ በመጣ ቁጥር ፀሐዩን ፍለጋ ሲዞር ይውላል። ስቄ ስቄ ሆዴን ያመኝ ነበር። ያቺ ፎቶው ውስጥ ኑር የምትሠራ ፀሐይ መስተዋቷ ላይ አርፋ ወደ ውጭ ደግሞ ከሩቅ እንደምታብለጨልጭ ግን ማንኛችንም ልብ አላልንም።

ቆቡማ ለዚሁ ኖሯል የተሠራ፤ መስተዋቱ ላይ ፀሐይ እንዳያርፍ እንደ ቤት ክፈፍ ይከልላል። ሁሴን ይሄን አላጣውም። ያጣው ወኔ ነው፣ እውነቱን ልናገር። አንድ ቀን ቆቡን ገጥሞ፣ ሌንሱን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወደ ማሻ ለሠርግ ሲሄድ አንድ ሚሊሻ ከቋጥኝ ኋላ ብቅ ብሎ፣ «ቁም! አፈሙዙን መሬት አስነካ!» ብሎ አንበረከከው። ዘመኑ ክፉ ነው፤ ጠመንጃ በየቤቱ፣ ደመኛ በየጥሻው። ጥቁር ረጅም ነገር ትከሻ ላይ ከታየ ምንድነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያን ዕለት ቤት ሲገባ ከንፈሩ አመድ መስሎ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቆቡን ከሳጥኑ አውጥቶት አያውቅም። መነጽሯን ግን ሊለያት ነው? ጠባችን በዚህ ነበር። «ሁለቱንም ተዋቸው፣ ሌንሱ እርቃኑን ይሂድ» እለዋለሁ። «ዓይኑን አቧራ ያጥፋው ነው የምትይ?» ይለኛል። «ያንተ ከሚጠፋ የሱ ይጥፋ!» ብዬው ተኳርፈን ጀርባ ለጀርባ ተኝተናል። ወደ ገጠር በወጣ ቁጥር እስኪመለስ እህል ከጉሮሮዬ አይወርድም ነበር።

እንዲህ እያለን ነው ከከላላ ማዶ ካለው ቆላ ሸህ ይማም የላኩት መልክተኛ የመጣ። ሸህ ይማም አበጋር ናቸው። አበጋር ማለት ደም የተቃባ የሚያስታርቅ አባት ነው። ዳኛ የፈረደውን የሚጥስ ሞልቷል፣ አበጋር የያዘውን የሚደፍር ግን የለም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሄ የሚባል ሰው በድንበር ጠብ የጎረቤቱን ልጅ ሰይድን በዱላ መትቶ ገደለው። ታሰረ፣ ተፈታ። ሲፈታ ግን ቤቱ አልገባም፤ የሰይድ ወንድሞች ይጠብቁታላ። ቆላ ወርዶ ከዋሻ ዋሻ ሲኖር ዘመዶቹ ናቸው እየተደበቁ ስንቅ የሚያቀብሉት። የሁለቱም ወገን ልጆች ደግሞ ጅዳ አሉ፤ እዚያም መንገድ ላይ ከተያዩ ቢላ ይማዘዛሉ። ሸህ ይማም ታዲያ፣ «እርቁን በፎቶ አንስቶ ይስጠንና ባሕር ማዶ እንላከው፤ ዓይናቸው ካላየ ልባቸው አያርፍም» ብለው ነው ሁሴንን ያስጠሩት።

«አትሂድ» አልኩት።

«አበጋር ጠርቶት የሚቀር ሰው አለ?»

«እንግዲያ ያቺን መስተዋት አውልቀህ ሂድ።»

«የቆላ አቧራ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ?»

«እንግዲያ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩትና በቅሎ ተከራይተን ወረድን። መንገዱን ሁሉ ቁራ ሲጮህ ደነገጥኩ፣ ድንጋይ ሲንከባለል ደነገጥኩ። ሁሴን ወደኋላ እየዞረ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ይለኛል። እሱ አብሽሪ ሲለኝ ይበልጥ ነው የምፈራው።

የእርቁ ቦታ ሰፊ ሜዳ ነው፣ መሃሉ ላይ ትልቅ ሾላ፣ በምሥራቅ በኩል ጉብታ። በአበጋር ፊት ብረት ይዞ መቀመጥ ነውር ስለሆነ፣ የመጣው ሰው ሁሉ ጠመንጃውን ከሾላው ሥር እየከመረ ያልፋል። ያ የጠመንጃ ክምር፣ ያ ረቢ፣ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። መግቢያው ላይ የቆሙት ሰዎች ሁሴንን፣ «ብረት ይዘሃል?» አሉት።

«ብረትማ የለኝም። መነጽር ብቻ ነው ያለኝ» አላቸው በኩራት።

ሁሴን ስለ ዕቃው ከጠየቁት አይጠግብም። እነሱም ቦርሳውን ነካ ነካ አርገው አሳለፉት። በዚያ ቆላ ግን መነጽር ሲባል ሰው የሚያስበው የዓይኑን አይደለም፤ ጠመንጃ ላይ የሚገጠመውን፣ ከማዶ ጋራ ሰው የሚለቅሙበትን ነው። አንድ ባለ መነጽር ጠመንጃ የያዘ ሽፍታ ቀድሞ አገሩን አስለቅሶ ነበር አሉ። ልጅ እንኳ ሲያስቸግር «ባለ መነጽሩ መጣልህ» ነው የሚባለው። ይሄን ያወቅሁት ሴቶቹ መሃል ተቀምጬ፣ አንዲቱ ወደ ሌላይቱ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «አንድ ባለ መነጽር ገብቷል አሉ፣ በራሱ አንደበት ተናገረ አሉ» ስትል ነው። «ኧረ የኔ ባል ነው! ፎቶ አንሺ ነው! መነጽር የሚላት ትንሽ መስተዋት ናት!» ብዬ አስረዳኋቸው። ሴቶቹ ገባቸው፣ ተሳሳቁም። ወሬው ግን ቀድሞኝ ወደ ወንዶቹ ተሻግሯል። ሁሴንን ብፈልገው የለም። ሰዉ ሁሉ ባንድ ፎቶ እንዲገባለት፣ ሌንሱን ይዞ ወደ ጉብታው ወጥቷል።

ሙሄን አመጡት። እንደ ወጉ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል፣ ባዶ እግሩን ነው፣ ፎጣ ተከናንቧል። ግዙፍ ሰው ጠብቄ ነበር፤ የመጣው የከሳ፣ ጢሙ ያለ ዕድሜው የሸበተ ሰው ነው። ዓይኑ አያርፍም፤ አንዴ ጋራውን፣ አንዴ ክምሩን፣ አንዴ የሰይድን ወንድሞች እጅ ያያል። የሟቹ እናት እማ ሀዋ ፊት ለፊት አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። ከዚያ ከቆላው ጫፍ ወጥተው የማያውቁ፣ ከተማ የሚባል ያላዩ ሴት ናቸው። ሙሄ ተንበረከከ። ሸህ ይማም ዱአ አደረጉና፣ «እንግዲህ በሟቹ ፈንታ ልጃቸው ትሆናለህ። እማ በልና ጥራቸው» አሉት።

«እማማ ሀዋ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ሙሄ፣ ለመሰማት በሚቸግር ድምፅ።

«እማማ ሀዋ ብሎ መንገደኛም ይጠራቸዋል። የገዛ እናትህን እንዴት ነው የምትጠራት? እንደሱ ጥራቸው» አሉት ሸሁ።

ሙሄ አፉን ከፈተ፣ ቃል አልወጣውም። እማ ሀዋም ፊታቸውን አዞሩ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘቅዝቃ ጉብታውን ፊት ለፊት ትመታዋለች። ይሄን ጊዜ ነው ከጉብታው አናት ላይ ብልጭ ያለው። አንዴ ብልጭ አለ፣ ጠፋ፣ ደግሞ ብልጭ አለ። መነጽሯ ናት! እኔ ወዲያው አወቅኋት፣ ማታ ማታ ሲያሻት የማያት መስተዋት ናት።

«ባለ መነጽሩ!» አለ አንድ ሰው።

ሙሄ ድንጋዩን ከአንገቱ ወርውሮ ተነሳ። «አሳልፋችሁ ሰጣችሁኝ! ለካ ለዚህ ነው ያወጣችሁኝ!» እያለ ክምሩ ላይ ወድቆ አንድ ጠመንጃ መንትፎ ከሾላው ግንድ ኋላ ተለጠፈ። የሰይድ ወንድሞችም፣ «በእርቅ ቦታ ብረት አነሳብን!» ብለው ወደ ክምሩ ሲሮጡ ሸህ ይማም ዘንጋቸውን አጋድመው መሃል ገቡ። ሴቱ እሪ አለ። ሙሄ ጠመንጃውን አቀባብሎ ወደ ጉብታው አነጣጠረ፤ ወደኔ ሁሴን። «ባሌ ነው! ካሜራ ነው! ኧረ በነቢ!» እያልኩ ብጮህ ድምፄ ከእሪታው ጋር ተቀላቅሎ ቀረ። ለምን ቶሎ እንዳልተኮሰ እስካሁን አላውቅም፤ ብልጭታው ዓይኑን እየወጋው ይሆናል። ብቻ እኔ ሻሼ ከራሴ ወድቆ፣ ጫማዬ ካንድ እግሬ ወልቆ ዳገቱን ስወጣ አገኘሁት ራሴን። ጠመንጃው ከኋላዬ ነው። ጀርባዬ መሃል፣ ከሁለቱ ትከሻዬ ዝቅ ብሎ አንድ ቦታ አለ፤ ያን ዕለት ጥይቱን በዚያ ነበር የጠበቅሁት። ዛሬም ስፈራ የሚያሳክከኝ እሱ ነው።

ሁሴን ምንም አልሰማም። ነፋሱ ወደ ታች ነው የሚነፍስ። በደረቱ ተኝቶ፣ ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ፣ «ማሻ አላህ! ማሻ አላህ!» እያለ ያነሳል። ሰዉ ሲራወጥ ጭፈራ መስሎታል። ዘልዬ መዳፌን ሌንሱ ላይ ደፈንኩት።

«ዞር በይ! ጣትሽ! መነጽሯን አቆሸሽብኝ!»

«ሊገድሉህ ነው! ጠመንጃ መስሏቸው ነው! ሁሴን፣ ጠመንጃ ተነጣጥሮብሃል!»

ቀና ብሎ ወደ ታች አየ። ያኔ ነው ፊቱ እንደ ማሻው መንገድ ቀን አመድ የሆነው። ከታች «ውረድ! የያዝከውን ወደ ሰማይ አንስተህ ውረድ!» የሚል ድምፅ መጣ። ሌንሱን ወደ ላይ አነሳው። እኔ ሸሚዙን ጨምድጄ ይዤ ከጎኑ ወረድኩ። ቁልቁለቱ አላልቅ አለ። የሙሄ አፈሙዝ እኛ በተንቀሳቀስን ቁጥር አብሮን ይንቀሳቀሳል። እኔ ላ ኢላሀ ኢለላህ እያልኩ እግሬን ስጎትት፣ ያ ሰው፣ አላህ ይዘንለት፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ክዳኑን ልክደንበት? አቧራው በጣም ነው» አለኝ። «እጅህን ነቅነቅ አርግና እኔ ራሴ እገድልሃለሁ» አልኩት እያለቀስኩ።

ሾላው ጋ ስንደርስ ሁሉም በየቦታው እንደቆመ ነው። ሸህ ይማም ዘንጋቸውን ዘርግተዋል፣ የሰይድ ወንድሞች ከክምሩ አንድ እርምጃ ርቀው ያለከልካሉ፣ ሙሄ ጠመንጃውን ሁሴን ደረት ላይ ደግኗል።

«ሙሄ፣ ካሜራ ነው። ያስጠራሁት እኔ ነኝ» አሉ ሸሁ።

«ካሜራ አይቻለሁ እኔ። እስር ቤት ሲያነሱኝ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አፈሙዝ የለውም!» አለ ሙሄ። እንደዚያ የፈራ ሰው አይቼ አላውቅም። የፈራ ሰው ደግሞ ይተኩሳል።

«እንግዲያ ራስህ ውሰደውና እይበት።»

«ልይበትና በዓይኔ ሊተኮስብኝ? አልሞኝም! እኔ ከያዝኩት አፉ ፊት ሰው ይቁምልኝ። ካሜራ ነው ካላችሁ ማን ይቆማል?»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። የገዛ ዘመዶቹ እንኳ መሬት መሬት አዩ። ካሜራ ነው ያለ ሰው ሁሉ ያን ጥቁር ረጅም ነገር ሲያይ ልቡ አላመነም። አንደኛው የሰይድ ወንድም፣ «በቃ፣ እርቁ ፈርሷል!» ብሎ ወደ ክምሩ ጎንበስ አለ። እኔ ነኝ የምቆመው ብዬ ልናገር ስል እማ ሀዋ ከአጎዛቸው ተነሱ።

«ተው፣ ልጄ» አሉት ልጃቸውን። «እኔ እቆማለሁ። ይሄ ደም እኔ ላይ ይብቃ።»

ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቀስ ብለው ሄደው ሜዳው መሃል ፊታቸውን ወደኛ አዙረው ቆሙ። ሁሴን ማንገቻውን ከአንገቱ አውልቆ ካሜራውን ለሙሄ ሰጠው። ሙሄ ጠመንጃውን ከብብቱ ሥር ሸጉጦ ተቀበለው፤ ሁሴን ከጎኑ ሁኖ «እዚህ ላይ ዓይንህን፣ ይቺን ቀለበት አዙር» ይለዋል። ያ ረጅም ሌንስ ወዲህ ወዲያ ዋለለ፣ ዋለለና እማ ሀዋ ላይ ቆመ።

«ምን ታያለህ?» አሉት ሸህ ይማም።

«ፊታቸውን» አለ ሙሄ። «ያ ረቢ፣ እዚህ አጠገቤ ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል።»

«ሌላስ?»

ሙሄ ቀለበቷን ትንሽ አዞራት።

«ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል» አለ። «የሆነ ነገር እያሉ ነው። አንድ ነገር ይደጋግማሉ... ሸሃዳ ነው። የሚሞት ሰው የሚለውን ሸሃዳ ነው እኮ የሚሉት!»

ጠመንጃው ከብብቱ አምልጦ መሬት ወደቀ። ካሜራውን ሁሴን ደረት ላይ ለቀቀውና እየተደናቀፈ፣ ሁለት እጁን ባዶውን ዘርግቶ ወደ ሜዳው ሮጠ።

«አየሁሽ፣ እማ! አትፍሪ! አየሁሽ፣ እማ!»

እማ ሀዋ ዓይናቸውን ገለጡ። ፊታቸው የተንበረከከውን ሰው አዩት፣ ከዚያ ደረታቸውን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አርገው መዳፋቸውን ገልብጠው ተመለከቱ።

«አልተኮስክም እንዴ?» አሉት።